የቅሬው ቀን ለምን ተንሸራተተ? ከኦርግ ሞድ ጋር ያደረግኩት ፍለጋ

ረቡዕ ማታ ነበር። ኮምቦልቻ ሥራ ውዬ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ገንዘብ ያዥ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ነገ ሚካኤል አይደል እንዴ? መልእክቱ ምነው ቀረ?» አሉኝ።

የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬው በየወሩ በ12 ከቀኑ 11 ሰዓት ይሰበሰባል። ዋዜማውን ለአባላቱ አጭር መልእክት የምልከው እኔ ነኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ የሳምንቱን አጀንዳ አየሁ። «የቅሬ ስብሰባ» የሚለው መስመር አለ። የተቀመጠው ግን አርብ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ነው።

መልእክቱን ያኔውኑ ላክሁ። በማግስቱ ስብሰባው ተካሄደ፣ መዋጮው ተሰበሰበ፣ የድንኳኑ ጥገና ተነጋገረበት። ማንም የተጎዳ የለም። እኔን ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ይኸው አጀንዳ በመስከረም ቀኑን አልሳተም። በጥቅምትም አልሳተም። ማንም ሳይነካው በኅዳር እንዴት አንድ ቀን ዘለለ?

## ለምን ተራ ጽሑፍ

የማስታወሻና የእቅድ ፕሮግራም ሞልቷል። እኔ የምጠቀመው ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ፣ በውስጡም ኦርግ ሞድን ነው። ኦርግን በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ፣ ኔዘርላንድ የሚሠራ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። የራሱን ማስታወሻና ሥራ በአንድ ቦታ ለመያዝ ብሎ የሠራው ነገር ዛሬ ኢማክስን የጫነ ሁሉ አብሮት ያገኘዋል።

የወደድኩት በአንድ ምክንያት ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። ርዕስ ማለት በኮከብ ምልክት የሚጀምር መስመር ነው። ሥራ ማለት ከርዕሱ ፊት አንድ ቃል የተጻፈበት መስመር ነው። ቀጠሮ ማለት በቅንፍ ውስጥ የተቀመጠ ቀን ነው። በቃ። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይከፈታል። መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ይሠራል። ኦርግ ራሱ ቢበላሽ እንኳ ፋይሉን በማንኛውም ማረሚያ ከፍቼ አነበዋለሁ። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶበት የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። የቅሬ መዝገብ ደግሞ የሰው ለቅሶ፣ የሰው ገንዘብ ነው። ኢንተርኔት ሲመለስ ይከፈታል ተብሎ አይጠበቅም።

አማርኛም ያለ ችግር ይጻፍበታል። ኢማክስ የራሱ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አለው፤ ኮንትሮልና የኋላ ጭረት ሲጫኑ ይበራል፣ ደግመው ሲጫኑ ይጠፋል። ይህን ከኮምፒውተሩ የአማርኛ ኪቦርድ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ሲሆን ትእዛዞቹም አብረው አማርኛ ይሆኑና ኢማክስ አይሰማም። የራሱን መጻፊያ ከተጠቀሙ ግን ጽሑፉ ብቻ በአማርኛ ይገባል፤ ትእዛዞቹ ባሉበት ይቆያሉ። የሥራ ሁኔታ ቃላቱንም ቀይሬያለሁ። የኔ ፋይል ላይ ሥራ «የሚሠራ» ነው፣ ሲያልቅ «አለቀ» ይባላል። ይህን በፋይሉ አናት ላይ ጽፈው ኦርግ ካልሰማዎት ከርሰሩን እዚያው መስመር ላይ አድርገው ኮንትሮል ሲን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ፋይሉ እንደ አዲስ ይነበባል።

## ፍለጋው

ወደ ኅዳሩ ነገር ልመለስ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማስተካከያ ፋይሌን ነው። እዚህና እዚያ ያየሁትን ሁሉ የሰበሰብኩበት ረጅም ፋይል ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያለ እነሱ መኖር የምችላቸው ፓኬጆችም ሞልተውበታል። ኢማክስን ምንም ማስተካከያ ሳያነብ ማስነሳት ይቻላል፤ ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ኪው ጽፎ ማስነሳት ነው። ችግሩ ያኔ ከጠፋ ጥፋቱ ከማስተካከያው ነው፤ ካልጠፋ ሌላ ቦታ ነው። ምንም ነገር ከመነካካት በፊት ይህን አንድ ሙከራ ማድረግ ብዙ ሌሊት ያተርፋል። እንዲህ ባዶውን አስነስቼ የቅሬውን ፋይል ብቻ ከፈትኩ። ስብሰባው አሁንም አርብ ላይ ነው።

ቀጥሎ የኦርግን እትም ጠረጠርኩ። ይህ የሚታወቅ በሽታ ነው። ኢማክስ ይዞት የመጣው ኦርግ አለ፤ በላዩ አዲሱን ሲጭኑ፣ አሮጌው ቀድሞ ከተነሳ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ያኔ የማይገናኙ ኤረሮች ይመጣሉ። አዳዲሶቹ እትሞች መደባለቁን ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። እኔ ዘንድ ማስጠንቀቂያም፣ ድብልቅም የለም።

ከዚያ የቀኑን ስም ጠረጠርኩ። ኮምፒውተሬ በአማርኛ ስለሆነ ኦርግ በቅንፉ ውስጥ የሚጽፈው የቀን ስም አማርኛ ነው። ምናልባት ይህ አደናግሮት ይሆናል ብዬ የጊዜ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ለውጥ የለም። ለካ ኦርግ ቀን ሲያነብ የሚተማመነው በቁጥሩ ነው፤ ስሙ ለእኛ ለአንባቢዎች የተጻፈ ነው። አማርኛውን መለስኩ።

መጨረሻ ላይ የኦርግን የራሱን መርማሪ አስነሳሁ። ፋይሉን መስመር በመስመር አይቶ የተሳሳተ አጻጻፍ ካለ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ምንም አላገኘም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ፋይሉ ጤነኛ ነው። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ቀኑ ግን ልክ አይደለም። ታዲያ ስህተቱ በአጻጻፉ ሳይሆን በትርጉሙ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን አይነግርህም።

## የካላንደሮቹ ዝርዝር

በአጀንዳው ውስጥ ትልቁን ሲ ሲጫኑ አንድ መስኮት ይከፈታል። ከርሰሩ ያረፈበት ቀን በሌሎች ካላንደሮች ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል። የዕብራውያን አለ፣ የሂጅራ አለ፣ የፋርስ፣ የቻይና፣ የማያ አለ። ይህን ትእዛዝ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። ያን ሌሊት ከርሰሬን በአርቡ ላይ አድርጌ ተጫንኩት። ዓይኔ ወደ ታች ሲወርድ የኛን አገኘሁ። በላቲን ፊደል፣ በግዕዙ ድምፅ የተጻፈ ኅዳር። አጠገቡ 13። ቀጥሎ 2017።

ቆም ብዬ አየሁት። ይህ ፕሮግራም ቀኑ ኅዳር 13 መሆኑን ያውቃል። ያውቃል፣ ግን ስብሰባዬን ሲያስቀምጥ አላማከረውም። የኛ ካላንደር እዚያ ያለው ለሚጠይቅ ሰው መልስ ለመስጠት ነው። ቀጠሮ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ካላንደር ነው።

ከዚያ ወደ ጥሬው ፋይል ሄድኩ። ከቅሬው ስብሰባ ቀን ጎን አንድ ትንሽ ምልክት አለች። የመደመር ምልክት፣ አንድ ቁጥር፣ የወር ምልክት። ቃለ ጉባኤውን ጽፌ ሥራውን «አለቀ» ባልኩ ቁጥር ኦርግ በቅንፉ ውስጥ ያለውን ቀን ራሱ እየደመሰሰ አንድ ወር ወደፊት ይጽፈዋል። መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22 ነበር። ኦርግ ኦክቶበር 22 ብሎ ጻፈ፤ ጥቅምት 12 ነው፣ ልክ። ቀጥሎ ኖቬምበር 22 ብሎ ጻፈ። ኦክቶበር ግን 31 ቀን አለው፣ የኛ ጥቅምት 30። ኅዳር 12 የዋለው ኖቬምበር 21 ነው። አንዷ ቀን የጠፋችው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀት አውጥቼ ዓመቱን ሙሉ ሰራሁት። ባይታረም ኖሮ በታኅሣሥ አንድ ቀን ይዘገያል፣ በጥር ሁለት፣ በየካቲት ሦስት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለሆነች በመጋቢት ወደ አንድ ይመለሳል። ከዚያ በሚያዝያና በግንቦት ሁለት፣ በሰኔና በሐምሌ ሦስት። ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ሲውል አጀንዳው ኦገስት 22 ይላል፤ አራት ቀን። ከዚያስ? ጳጉሜን አምስቱን ቀን ትጨምርና መስከረም 12 ቀን 2018 ተመልሶ ሴፕቴምበር 22 ላይ ይውላል። ልክ ይሆናል!

ይህን ሳይ ነው በጣም የደነገጥኩት። ስህተቱ በዓመቱ መጀመሪያ የለም፣ መሀል ላይ ያድጋል፣ ዓመት ሲዞር ራሱን ይሸሽጋል። በመስከረም የሞከረው ሰው ሁሉ «ይሠራል» ይላል። እትዬ ያን ማታ ባይደውሉ ኖሮ እኔም የማምነው አጀንዳውን ነበር። እሳቸው ደግሞ ካላንደር አላዩም። የሚካኤል ዋዜማ መሆኑን ያውቃሉ፣ በቃ።

## ሠላሳ ቀንም አያዋጣም

ቀላሉ መፍትሔ ወዲያው የሚመጣው ነው። ወር ከሚለው ይልቅ 30 ቀን ማለት። ወራችን ሁሉ 30 ነውና። ይህ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንዲት ቀን ሳይስት ይሄዳል። ከነሐሴ 12 ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 17 ላይ ያርፋል። መስከረም 12 የሚውለው ደግሞ ሴፕቴምበር 22 ነው። አምስት ቀን ቀደመ። ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ስድስት ቀን ይቀድማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ለቅሬው ሰብሳቢ አጫወትኳቸው። ሐጂ ብዙ ጥያቄ ከመጠየቅ አይመለሱም። «እና ይሄ መሣሪያህ ጳጉሜን አያውቃትም ማለት ነው?» አሉኝ። ያውቃታል፣ አይጠቀምባትም አልኳቸው። «አብሽር፣ እንግዲያው እንዲጠቀምባት ንገረው» አሉ። ከዚህ የተሻለ የችግሩ ትርጉም አላገኘሁም።

ኦርግ ሌሎች የድግግሞሽ ምልክቶችም አሉት። አንዱ ያለፈውን ቀን ሁሉ ዘልሎ ወደፊት ያለው ላይ ያሳርፋል። ሌላው ሥራው ካለቀበት ከዛሬ ጀምሮ ይቆጥራል። ለጄነሬተር ዘይት ቅያሪ፣ ለውሃ ማጣሪያ ጽዳት ይህኛው ግሩም ነው። የኛን ወር ግን አንዳቸውም አያውቁትም። ሁሉም የሚቆጥሩት በፈረንጁ ነው።

## ደንብ መጻፍ

መፍትሔው በቀን ቦታ ደንብ መጻፍ ሆነ። ኦርግ ይህን ከኢማክስ የቆየ የቀን ማስታወሻ ወርሶታል። በቅንፉ ውስጥ ቀን ከመጻፍ ይልቅ ሁለት የፐርሰንት ምልክት አድርገው በኢማክስ የፕሮግራም ቋንቋ በኢሊስፕ አንዲት ጥያቄ ይጽፋሉ። አጀንዳው በከፈቱት ቁጥር ለሚያሳየው ለእያንዳንዱ ቀን ጥያቄውን ይጠይቃል። መልሱ አዎ ከሆነ ቀጠሮው ይታያል። የኔ ጥያቄ ይህች ናት፦ ይህ ቀን በኢትዮጵያ ካላንደር 12 ነው? ሌላ ምንም የለም። ለጳጉሜ የተለየ ነገር መጻፍ አላስፈለገኝም። ጳጉሜ ከ6 ቀን አታልፍም፤ 12 የሚባል ቀን የላትም። ቅሬውም በጳጉሜ አይሰበሰብም።

ቀኑን የሚቀይረውን ሂሳብ ከባዶ አልጻፍኩትም። ኢማክስ ውስጥ አለ። ፋይሉን ከፍቼ ሳነብ የኛ ካላንደር የሚሰላው በግብጾቹ የቅብጥ ካላንደር መሆኑን አየሁ። የወሮቹ አቆጣጠር አንድ ነው፤ መነሻው ብቻ ይቀየራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 276 ዓመት ነው። የኛ 2017 የነሱ 1741 ነው። የኢማክስን ካላንደር ከሠሩት ዋነኛው ኤድዋርድ ሬይንጎልድ የተባለ የኮምፒውተር ምሁር ነው። የሰው ልጅ ቀን የሚቆጥርባቸውን መንገዶች ለዓመታት ያጠና ሰው ነው። ከልብ አመሰገንኩት። ደሴ ላይ አንድ ቅሬ ይጠቀምበታል ብሎ ባያስብም፣ የኛን አልተወም።

አንድ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ልናገር። በደንብ የሚታይ ቀጠሮ «አለቀ» ተብሎ ወደሚቀጥለው ወር አይገፋም። «አለቀ» ካሉት ለሁልጊዜው አለቀ። ስለዚህ ሁለቱን ለየኋቸው። ስብሰባው ቀጠሮ ብቻ ነው፤ የሥራ ቃል የለውም፤ ቀኑ ሲደርስ ይታያል፣ ሲያልፍ ይጠፋል። ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ መዋጮ መመዝገብ፣ የቀሩትን ማስታወስ ግን ሥራ ነው። እሱን በየወሩ ለብቻው እጽፋለሁ።

ይህ መለየት ራሱ ብዙ አስተማረኝ። ኦርግ ሦስት ዓይነት ቀን አለው፤ ብዙ ሰው ይደባልቃቸዋል። በቅንፍ ብቻ የተጻፈ ቀን ቀጠሮ ነው። «የታቀደ» የሚባለው ሥራውን መቼ እንደምጀምር ነው፤ ካላለቀ በማግስቱም ከነገ ወዲያም እየተከተለ ይታያል። የመጨረሻ ቀን ደግሞ ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ ማስጠንቀቅ ይጀምራል፤ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። ስብሰባን «የታቀደ» አድርጎ መጻፍ አጀንዳውን ባለፈ ስብሰባ ይሞላዋል። አጀንዳዬ ተጨናነቀ ብለው የተዉት ሰዎች አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰዓቱም እንደ ወሩ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኦርግ 17:00 ነው። ርዕሱ ላይ በሁለት ነጥብ የተጻፈ ሰዓት ካየ አጀንዳው እዚያ ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ 17:00 ብዬ እጽፍና አጠገቡ «ከቀኑ 11 ሰዓት» እላለሁ። ሁለተኛው ለእኔ ነው፤ ኦርግ አያየውም። 11:00 ብዬ ብጽፍ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ያስቀምጠው ነበር።

## ግሸን፣ ገና፣ ዒድ

ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ቀኖቻችንን ሁሉ አየኋቸው። መስከረም 21 ከሰፈራችን ብዙ ሰው ግሸን ይወጣል፤ በዚያ ሰሞን ለቅሶ ቢመጣ ድንኳን የሚተክል ሰው አስቀድሜ መመደብ አለብኝ። በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ብዬ ጽፌው ቢሆን በ2016 በአንድ ቀን ይስት ነበር። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ያለው መስከረም 21 ኦክቶበር 2 ላይ ይውላልና። በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ጥምቀትም በእንዲህ ያለው ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። እነዚህን ወደ ደንብ ቀየርኳቸው።

ገና ብቻ ተለየ። ላሊበላ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል፤ ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ከጳጉሜ ስድስት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን በ28 ይከበራል። በፈረንጁ ሲታይ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ስለዚህ ለገና የኦርግ ተራ የዓመት ድግግሞሽ ፈጽሞ አይስትም። ያንን እንዳለ ተውኩት። አንዱን ደንብ ለሁሉም መጫን እንደማይሆን የነገረኝ እሱ ነው።

የቅሬያችን አባላት ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። አንድ ቤት ውስጥም ሁለቱ አሉ። ስለዚህ የሂጅራውም ቀን አጀንዳው ላይ መኖር ነበረበት። ረመዳን ሲገባ የስብሰባው ሰዓት ይቀየራል። 11 ሰዓት ላይ ለኢፍጣር የሚሰናዳን ሰው ስብሰባ አይጠሩም። ኢማክስ የሂጅራን ቀን ያሰላል። ስሌቱ ግን ቋሚ ሂሳብ ነው፤ ጨረቃ አይቶ አይደለም። በአንድ ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ሐጂ ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። ጨረቃ ሳትታይ ዒድን በቁጥር የቆረጠ ማን አለ?

ለእነዚህ ቀኖች ደንብ አልጻፍኩም። ስሌቱ የሚሰጠውን ቀን «ሳይረጋገጥ» ብዬ መስመሩ ላይ እጽፋለሁ። ለአባላት መልእክት ከመላኬ በፊት ለሐጂ እደውላለሁ። ቁርጡ ሲነገር ያቺን ቃል እሰርዝና ቀኑን በእጄ አስገባለሁ። ተራ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል መሰረዝ ብቻ ነው።

አሁን የቀረኝ የመዋጮው ሰንጠረዥ ነው። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ስለሚሰፋ የኦርግ ዓምዶች ይዛነፋሉ፤ የአባላት ስም በረዘመ ቁጥር የብሩ ዓምድ ወደ ቀኝ ይገፋል። ዓምዱን በፊደል ብዛት ሳይሆን በስክሪኑ ላይ በሚይዘው ቦታ የሚያስተካክል ቫላይን የሚባል ፓኬጅ አለ። እየሞከርኩት ነው። እስኪስተካከል እትዬ የሚያዩትን የመዋጮ ዝርዝር በደብተር እየገለበጥኩ እሰጣቸዋለሁ።